ታክስ የማይነካው ብር

የቤርሳቤህ አባት ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው እንቅልፍ የነሳችው አንዲት ፊደል ነበረች። ስሙ ዳኜ ነው። የካርቶን ፋብሪካው ጸሐፊዎች ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዴ ዳኜ፣ አንዴ ዳኘ፣ አንዴም ደኜ እያሉ ሲጽፉት ኖረዋል። ከእሱ በፊት ጡረታ የወጣ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ በእንዲህ ያለች ፊደል ሰበብ ስሙን ለማስተካከል ሲንከራተት ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣበት እየተባለ ይወራል። ስለዚህ ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ የሠራተኛ አስተዳደሯ ወይዘሮ መሰለች «ስህተት ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ» ብለው የሰጡትን ቅጽ ይዞ ቀጨኔ ያለው ቤቱ ሲገባ ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«ቤርሲ፣ ነይ እስቲ። መነጽሬን ማሽን ክፍል ረስቼው መጣሁ። እቺ ኜ ቀለበት አላት የላትም?»

«አላት አባዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ? የዝንብ ኩስ እንዳይሆን።»

«ቀለበት ናት አልኩህ።»

«ተመስገን! ሙሉእመቤት፣ ስሜ ተገኘ!»

«ጠፍቶብህ ነበር እንዴ?» አለች እናቷ ከጓዳ።

ቤርሳቤህ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሒሳብ አያያዝ ተምራ አንድ የኦዲት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ የጠየቃት ስሙን ብቻ ነበር፤ እሷ ግን እጇ የገባን ወረቀት እስከ መጨረሻው ሳታነብ መመለስ አትችልም። የትውልድ ዘመን፣ ትክክል። የቅጥር ዘመን፣ ትክክል። ቀጥሎ «የወር መደበኛ ደመወዝ» የሚል መስመር መጣ፤ ከፊቱ 5,600.00 ተጽፏል። ዓይኗ እዚያው ላይ ተተከለ።

አባቷ በወር የሚከፈለው ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር ነው። ቀሪው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ የት ገባ ብላ አልጠየቀችም። የት እንደገባ ከማንም በላይ ታውቃለች። ወደዚያ የላከችው እሷ ናት።

ነገሩ የሆነው በ2013 ኅዳር ላይ ነበር። ኮሮና ትምህርቷን አስተጓጉሎባት ቤት ተቀምጣለች። አባቷ የፋብሪካው የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ለእያንዳንዱ ቋሚ ሠራተኛ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር ጭማሪ አስፈቅዶ መጣና «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል» አላት። «በደመወዝ ይግባ ወይስ በአበል? የሚሉት አልገባኝም። አንቺ የተማርሽው እሱን አይደል?» ኮምፒውተሯን ከፍታ ሁለት ሠንጠረዥ ሠራች። ጭማሪው ደመወዝ ውስጥ ከገባ ታክሱም፣ ሰባት በመቶው የጡረታ መዋጮም ያድጋል። ግማሹ የትራንስፖርት፣ ግማሹ የምግብ አበል ተብሎ ሕጉ በፈቀደው ጣሪያ ሥር ከገባ ግን አንዲት ሳንቲም አትነካም። ልዩነቱ በወር ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ብር ወጣ።

«ታክስ አይነካውም!» ብላ ጮኸች፤ ወርቅ ቆፍራ ያገኘች ይመስል።

አባቷ ሠንጠረዡን አሳትሞ ፋብሪካው ክበብ ውስጥ አነበበላቸው። አርባ ሦስት ሠራተኛ አጨበጨበ። ለእጅ ሳሙና እንኳ ሦስት ስብሰባ የሚከራከረው ሥራ አስኪያጅ ሳይከራከር ፈረመ። ያኔ ይህንን የሰሙት ሁሉ ሳቁ፤ እሷም ስቃለች። አሁን ግን ያ ሰውዬ ለምን ቶሎ እንደፈረመ ገባት። ድርጅቱ በሠራተኛው ስም የሚያስገባው አሥራ አንድ በመቶም የሚታሰበው ከመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው። አበል ሲሆን እሱም ቀረለት። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ እዚያ ክበብ ውስጥ አንድም ያለቀሰ አልነበረም።

«ሌላውስ ደህና ነው?» አላት አባቷ ቅጹን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ።

«ስምህ ደህና ነው» አለች።

«በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ አዲሱን ስምምነት እናጸድቃለን። አንድ ሺህ ብር ጨመሩ። እንደ በፊቱ በአበል አስገብቼላቸው ልሰናበት ነው። ከኔ በኋላ የሚመጣው ይሄን ዘዴ የት ያውቀዋል?»

ቤርሳቤህ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች። ውሃ አልጠጣችም።

ዓርብ ከቢሮዋ አስፈቅዳ የጡረታ ጉዳይ የሚታይበት ቅርንጫፍ ቢሮ ሄደች። ተሳስቼ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራት። በሕይወቷ ተሳስቼ በሆነ ብላ የተመኘችው ያን ቀን ብቻ ነው። ወረፋው ላይ ከፊቷ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዞረው አዩዋትና «ልጄ፣ አንቺ ደግሞ መቼ አረጀሽ?» አሏት።

«ለአባቴ ነው።»

«ነው እንጂ። እኛ ስንሠራ ቸኩለን፣ ስንጦር ቆመን።»

ተራዋ ሲደርስ መስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ እኩያዋ ሆነች። ቤርሳቤህ ነገሩን የሌላ ሰው አስመስላ ጠየቀች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት አለው። መደበኛው አምስት ሺህ ስድስት መቶ፣ አበሉ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ። ጡረታው የሚታሰበው ከሁለቱ ድምር ነው አይደል?»

«ከመደበኛው ብቻ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ይወሰዳል።»

«አበሉ በየወሩ ያለማቋረጥ ሲከፈል የኖረ ቢሆንም?»

«ጡረታ ተቆርጦበታል?»

«አልተቆረጠበትም።»

«እንግዲህ» አለች ልጅቷ።

ክፋት አልነበረባትም። ግን ያቺ «እንግዲህ» ቤርሳቤህን ታክሲ ተራ ድረስ ተከትላት ሄደች።

ታክሲ ውስጥ ስልኳ ላይ ደመረች፣ አባዛች። ለመጀመሪያው አሥር ዓመት ሠላሳ በመቶ፣ ለቀሪው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ነጥብ ሃያ አምስት። ሃምሳ ስድስት ነጥብ ሃያ አምስት በመቶ ይመጣል። የአምስት ሺህ ስድስት መቶው ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ብር ነው። የስምንት ሺህ አራት መቶው ቢሆን ኖሮ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ አምስት። በአምስት ዓመት ውስጥ ከታክስና ከመዋጮ ያተረፈችለት፣ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ በታክሱ መሻሻል የቀነሰው ታስቦ፣ ሃምሳ አምስት ሺህ ስድሳ ብር ሆነ። በየወሩ የምታሳጣው አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰባ አምስት። ያተረፈችለት በሠላሳ አምስት ወር ያልቃል። የምታሳጣው ግን እስኪሞት አያልቅም። ደግማ ሠራችው። ቁጥሩ ያው ነው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ከረዳቱ ጋር ስለ ነዳጅ ይጨቃጨቃል፤ እሷ ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ልትነግረው አሰበችና አልነገረችውም። እሑድ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ሲወጡ ተክለሃይማኖት የሚባል የድሮ ወዳጁ አገኛቸው፤ አዲሱ ገበያ አካባቢ ወፍጮ ቤት አለው።

«ዳኜ፣ በመጋቢት ነፃ ትሆናለህ አሉ። ወፍጮዎቼን የሚይዝልኝ መካኒክ እፈልጋለሁ። ትመጣለህ?»

«ተወኝ እባክህ» አለ አባቷ እየሳቀ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ። አራት ሺህ ሰባት መቶ ጡረታ አለኝ፣ ልጄ ሥራ አላት፣ እኔና ሙሉእመቤት ምን እንበላለን? ቁጭ ብዬ ፀሐይ ልሙቅ።»

አራት ሺህ ሰባት መቶ። ቁጥሩን ራሱ አስልቶታል፤ በትክክል አስልቶታል፤ ከስምንት ሺህ አራት መቶው ላይ። ቤርሳቤህ አሁን ካልተናገርኩ አለች በሆዷ። ተክለሃይማኖት እጁን አወዛውዞ ሄደ። አልተናገረችም።

ሰኞ ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀችው። ሲያያት ደነገጠ።

«ምነው? እናትሽ?»

«እማዬ ደህና ናት። ና በእግር እንሂድ።»

አዲሱ ገበያ እንደ ወትሮው ታክሲው፣ ሻጩ፣ መንገደኛው ተደበላልቆበታል። በጩኸቱ መሀል ለመናገር ይቀላል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። ቅጹ ላይ ካለችው መስመር ጀመረች፣ ሁለቱን ቁጥር ነገረችው፣ የልጅቷን «እንግዲህ» ሳይቀር። አላቆመችም፤ ካቆመች እንደማትቀጥል ታውቃለች።

«ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ» አለ።

«አዎ።»

«ማነው ያለው?»

«ሕጉ።»

«ሕጉ ያኔ የት ነበረ?»

«እዚያው ነበረ። ያላየሁት እኔ ነኝ። የሠራሁት ኪስህ የሚገባውን ብቻ ነው። በኋላ ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም።»

ጥሏት ወደፊት ሄደ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ሲናደድ እርምጃው ይፈጥናል እንጂ። አንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ የተቆለለ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ጎሚስታው ቀና ብሎ አየውና ሥራውን ቀጠለ።

«አየሽ» አለ፤ «የኔ አባት ደመወዝ ማለት ደምና ወዝ ነው ይል ነበር። እንግዲህ ደሜ አምስት ሺህ ስድስት መቶ፣ ወዜ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ። መንግሥት ደሜን ቆጥሮ ወዜን ተወው።»

«መንግሥት አይደለም አባዬ። እኛ ነን አትቁጠረው ያልነው።»

«እኛ አትበይ። አንቺ አልሽ፣ እኔ አጨበጨብኩ።»

እውነቱን ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እሷ አፏ ካመለጣት አምስት ዓመት ሆኗል፣ የተመለጠው ግን የአባቷ ራስ ነው።

«አንድ ነገር ይቻላል» አለች ቶሎ ብላ። «ከታኅሣሥ ጀምሮ አበልህ ሁሉ መደበኛ ደመወዝ ውስጥ ይግባልኝ ብለህ ማመልከት ትችላለህ። ሦስት ወር ነው ያለህ፤ አማካዩን ትንሽ ያነሳዋል። ለብቻህ ወይዘሮ መሰለች ጋ ገብተህ…»

«ለብቻዬ?»

«አዎ።»

«ሌሊሳ ስንት ዓመቱ ነው?»

ሌሊሳ የቆረጣ ማሽኑ ኦፕሬተር ነው። «እኔ ምን አውቄ?»

«ሃምሳ ስድስት። አራት ዓመት አለው። እሱ ዛሬ ቢያስተካክል ይደርስበታል። እና ሐሙስ እኔ ሊቀመንበሩ ተነስቼ እንደ በፊቱ ላስጨብጭብና በጓሮ በኩል ለራሴ ላመልክት?» ተነሳ፤ የሱሪውን አቧራ አራገፈ። «ሐሙስ ክበብ ትመጫለሽ። የተናገርሽውን ራስሽ ታነሺዋለሽ።»

«እኔ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ማን ያስገባኛል?»

«ያኔስ ሠራተኛ ነበርሽ?»

ማክሰኞ አባቷ እራቱን በልቶ ቶሎ ተኛ። ለእናቷ አልነገራትም፤ ቤርሳቤህም አልነገረቻትም። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለላት። ተክለሃይማኖት ጋ ደውዬ ነበር አላት። ሰው ቀጥሬያለሁ፣ አንተ አልፈልግም ካልከኝ በኋላ ትናንት ጀመረ አለኝ አላት። «ምን ልለው ነው? እሺ አልኩት። እንዲያውም እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ ለምን እንዳልኩት አላውቅም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ቤርሳቤህ የምታየው ፋይል ላይ አንዱን መስመር አራት ጊዜ ሳታነበው አለፈችው።

ሐሙስ ክበቡ ሞልቶ ነበር። የምሳው ሽሮ ሽታ አልወጣም፤ ሰው ከነሥራ ልብሱ ተኮልኩሏል። አባቷ ተነሳ።

«ወንድሞች፣ እህቶች፣ የዛሬ አምስት ዓመት እዚሁ ቆሜ አንድ ወረቀት አንብቤላችሁ ነበር። ወረቀቱ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ግማሹን የጻፈችው ልጄ ቀሪውን ትንገራችሁ።»

«ጋሽ ዳኜ፣ ስንብት ነው ወይስ የልጅ ምርቃት?» አለ አንዱ ከኋላ። ስለሺ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ የሕትመት ማሽኑ ላይ የሚሠራ፣ ምላሱ ከማሽኑ የፈጠነ። ሰው ሳቀ።

ቤርሳቤህ ወደ ፊት ወጣች። የአባቷን ቁጥር ምሳሌ አድርጋ ተናገረች፤ ስሙን አልሸፈነችም፣ እሱም እንድትሸፍነው አልጠየቃትም። በወር ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት አትርፋችኋል፤ ባለፈው ሐምሌ ታክሱ ተሻሽሎ ስምንት መቶ ሃያ ስድስት ሆኗል አለች። ጡረታ ስትወጡ ግን የሚቆጠረው መደበኛው ብቻ ነው። ለአባቴ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ነው። አራት ሺህ ሰባት መቶ ነበር መሆን የነበረበት። ይሄን ያኔ አላየሁትም።

ሳቁ ቆመ። ሌሊሳ እጁን ቀስ ብሎ አነሳ።

«ማለቴ… እኔ አራት ዓመት ይቀረኛል። ዛሬ ቤዚክ፣ መደበኛው ላይ ቢገባልኝ?»

«የመጨረሻው ሦስት ዓመት ነው የሚታየው። ሙሉውን ታገኛለህ ጋሼ።»

«እና ጋሽ ዳኜ?»

ቤርሳቤህ ወደ አባቷ ዞረች። ሌሊሳ አባቷን አየውና ጭንቅላቱን ደፋ።

«ቆይ ቆይ» አለች ሙጫ ክፍል የምትሠራው ጸሐይ፣ ተነስታ። «ሁሉ ነገር ወደ ቤዚክ ይግባ ካልን ዛሬ ስንት ይጎድልብኛል?»

«እንደ ደመወዝሽ ነው። ያንቺ አነስ ስለሚል ስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ።»

«ሦስት ልጅ አለኝ። አባታቸው የት እንዳለ ካገኛችሁት ንገሩኝ። ስድሳ ዓመት ሲሞላኝ አራት ሺህ አገኛለሁ ብዬ ዛሬ ማታ ምን ላብላቸው? ጡረታ የሚደርሰው ለደረሰ ነው። እኔ መጀመሪያ ልድረስ!»

አጨበጨቡላት። ቤርሳቤህ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ ተወችው። ጸሐይ አልተሳሳተችም። ይሄ ነበር ያበሳጫት፤ ማንም ያልተሳሳተበት ክፍል ውስጥ የተሳሳተችው እሷ ብቻ ናት።

ክርክሩ የምሳ ሰዓቱን ጨርሶ አሥር ደቂቃ ከሥራው ሰረቀ። በመጨረሻ አዲሱ አንድ ሺህ ብር መደበኛው ላይ እንዲጨመር በድምፅ ብልጫ አለፈ። የድሮው አበል ግን ሰው ለሰው ይለያያልና የፈለገ በግሉ ያመልክት ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ወይዘሮ መሰለችን ልኮ «ይፈርሙ፤ ስንት ሰው ነው በገዛ እጁ ደመወዙን የሚያስቆርጥ?» አለ አሉ። አሥራ ሰባት ሰው ፈረመ። የመጀመሪያው አባቷ ነበር፤ ሁለተኛው ሌሊሳ። ጸሐይ አልፈረመችም።

ስለሺ በር ላይ ጠበቃት።

«እህቴ፣ ከልብሽ ንገሪኝ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ይቀረኛል። የሚታየው የመጨረሻው ሦስት ዓመት ከሆነ እስከ ሃምሳ ሰባት አበሌን በልቼ ያን ጊዜ ብቀይርስ? ብልጥነት አይደለም?»

ሒሳቡ ልክ ነው። እሷም ታክሲ ውስጥ ደርሳበታለች። ያ የድሮ ድምፅ፣ ታክስ አይነካውም ብሎ የጮኸው ድምፅ፣ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

«ሁሉ ነገር እንዳለ ከቆየ ታተርፋለህ» አለች። «ሕጉ ካልተቀየረ። ፋብሪካው ካልተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ ያኔም እሺ ካለ። ግን ነገ ማሽኑ እጅህን ቢወስደው የጉዳት ጡረታህ የሚታሰበው ነገ መደበኛው ላይ ባለው ነው። እሱ ሃምሳ ሰባት ዓመት እስኪሞላህ አይጠብቅህም።»

ስለሺ እጁን አየ፤ ቀለም የጠጣ ጣት። «ምን አይነት መርዶ ነጋሪ ነሽ ባክሽ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳይፈርም ወደ ማሽኑ ሄደ። 

የታኅሣሥ ደመወዝ የገባ ዕለት አባቷ ፔይስሊፑን፣ የደመወዝ ዝርዝሩን፣ ሶፋው ክንድ ላይ አስቀምጦ ሊታጠብ ወጣ። ሙሉእመቤት አነሳችው። እስከ ስድስተኛ ተምራለች፤ ቁጥር ላይ ግን ማንም አያታልላትም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዳኜ!»

«አቤት» አለ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ እየገባ።

«አንድ ሺህ ብር ተጨመረልኝ አላልክም?»

«ተጨምሮልኛል።»

«ባለፈው ወር ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት አመጣህ። አሁን ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሁለት። አንድ ሺህ ተጨምሮ አንድ መቶ አርባ ስድስት የሚጎድለው ምን አጥፍተህ ነው? ማሽን ሰበርክ?»

አባቷ ቤርሳቤህን አያት። ንገሪያት ማለቱ ነው። ከክበቡ ስብሰባ ጀምሮ ይህን ሰዓት ስትሸሽ ነው የከረመችው። እናቷ ፊት ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረቻት፤ ስለ ሠንጠረዡ፣ ስለ አበሉ፣ ስለ ጡረታ ቢሮዋ ልጅ፣ ስለ ተክለሃይማኖት ወፍጮ። አሁን የጎደለው ለታክስና ለጡረታ መዋጮ የሄደው ነው አለቻት፤ ደመወዙ ወረቀት ላይ ስላደገ። በእነዚህ ሦስት ወራት ምክንያት ጡረታው በአንድ መቶ ሰባ ስምንት ብር ከፍ ይላል፤ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ስምንት ይሆናል።

እናቷ አላቋረጠቻትም። አልተቆጣችም። ይህ ከቁጣ ይልቅ አስፈራት።

«ጨረስሽ?» አለቻት።

«ጨረስኩ።»

«እሱ ቀድሞኝ ቢሞት ለኔ ይመጣልኛል?»

«ይመጣልሻል» አለች ቤርሳቤህ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ አንድም ሰው አንስቶት አያውቅም፤ ሥራ አስኪያጁም፣ አርባ ሦስቱም ሠራተኞች፣ እሷም።

«ስንት?»

«ግማሹ።»

«የስንቱ ግማሽ? የስምንት ሺህ አራት መቶው?»

«አይ። የሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ስምንቱ።»

ሙሉእመቤት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለሁለት ከፈለችው። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በሕይወቷ ተቀጥራ አታውቅም፣ ስሟ በየትኛውም ቅጽ ላይ የተጻፈው «ባለቤት» በሚለው መስመር ላይ ብቻ ነው።

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስድሳ አራት» አለች። «አሥር ኪሎ ጤፍ ከነማስፈጫው።»

«እኔ አለሁ እማዬ» አለች ቤርሳቤህ።

«አንቺ ነገ ታገቢያለሽ» አለቻት፤ በክፋት አይደለም፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው። ወረቀቱን በአራት አጣጥፋ ለአባቷ መለሰችለት። «እንግዲያው ዳኜ፣ ቀድመኸኝ እንዳትሞት።»

አባቷ ሳቀ። ቤርሳቤህም ልትስቅ ቃጥቷት ነበር፤ ግን ወደ እናቷ ዞር ስትል እናቷ አልሳቀችም። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ እያየችው ነው፤ እግሩን፣ ሆዱን፣ ሲስቅ የሚያስለውን ደረቱን።